ውሃ ላፍስስልዎት?

ኅዳር 2018 ላይ ጂንካ ውስጥ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ ቫይረስ ተገኘ የሚለው ዜና በተሰማ ማግስት አጎቴ ደወለልኝ። ሰላምታ የለም፣ እንዴት አደርክ የለም። «ያንን ጀሪካን የት ነው ያስቀመጥከው?»

የትኛውን ብዬ አልጠየቅኩም። ቢጫው ነው። ከታች ቧንቧ የተገጠመለት፣ ሆዱ ላይ በማርከር «እጅ» ብዬ የጻፍኩበት።

«ጋሼ፣ ጂንካ እኮ ሩቅ ነው» አልኩት።

«ቻይናስ ቅርብ ነበረች?»

መልስ አጣሁ። ሰውዬው ፈሪ ሆኖ አይደለም፣ ባለሱቅ ስለሆነ ነው። ባለሱቅ ስኳር የሚያመጣው ስኳር ሲያልቅ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ጊዜ ሁሉ መጣብኝ። ስለ ኮሮና ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ኦክስጅኑ፣ ስለ ክትባቱ። ስለ ሰፈር ሱቅ ግን ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። እስቲ አስቡት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ በእጥፍ ዋጋ እየሄደ፣ የእኛ ሱቅ ግን እንደተከፈተ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በቀን አንዴ የሚቆምበት ቦታ እሱ ነው። እዚያ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ያበላሸነውን ጨምሮ።

የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012፣ አርብ ዕለት ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ሰኞ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ። እኔ አስተማሪ ነኝ። 15 ቀኑ እየተጎተተ ጥቅምት 2013 ደረሰ፤ እኔም ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ ጉለሌ አጎቴ ሱቅ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር የላከችኝ እናቴ ናት። ወንድሟ ያኔ 61 ዓመቱ ነው፣ ስኳርም አለበት። በቀን ስንት ሰው ፊቱ እንደሚቆም አንድ ቀን በደብተር ጭረት እያደረግኩ ብቆጥር 170 ሲያልፍ ደክሞኝ ተውኩት።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። የእሱን ባታውቁትም የሰፈራችሁን ታውቁታላችሁ። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር። አንድ በር፣ ከኋላ ድፍን ቆርቆሮ። ባንኮኒ፣ ሚዛን፣ የለስላሳ ፍሪጅ፣ እስከ ጣራ የተደረደረ ሸቀጥ፣ መሬት ላይ የተገለበጡ ሦስት የለስላሳ ሳጥኖች። ሳጥኖቹ ወንበር ናቸው። ማታ ማታ ጡረተኞቹ ቁጭ ብለው ሀገር ያስተዳድሩባቸዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ነበር። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ዋጋቸው ጣራ ነካ፣ ሳኒታይዘር ከፋርማሲ ጠፋ። አጎቴ በራሱ ዘዴ የመርጫ ጠርሙስ ውስጥ ካቲካላ ሞልቶ ባንኮኒው ላይ አቆመ። ለእጅ የሚሆን አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፣ አብዛኛው ካቲካላ እዚያ አይደርስም ብለው አልሰማኝም። በሁለተኛው ቀን ጠርሙሱ ባዶውን ተገኘ። ማን እንደጨረሰው፣ እጁ ላይ እንዳልረጨውም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስም አልጠራም።

የባሰው ግን የእኔ ነው። በረኪና አለ፣ አቼቶ አለ፤ ሁለቱ ቢደባለቁ ጉልበታቸው እጥፍ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ የኬሚስትሪ አይደለሁም። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ እንደሚያወጣ ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። ሁለታችንም ዓይናችን እያለቀሰ፣ እየሳልን፣ እየተደናቀፍን ከሱቅ ወጣን። በመጋቢት 2012! ሰው መሀል ሳል! በር ላይ ቆመው ከነበሩት ሰባት ሰዎች አንድም አልቀረም። ከሰዓት በኋላ «ባለሱቁን ያዘው» የሚለው ወሬ ዋናው አስፋልት ደርሶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ዳቦው ደረቀብን።

(ከዚያ ወዲህ በረኪና ብቻውን ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 100 ሚሊ ሊትሩን ውሃ ጨምራችሁ 5 ሊትር ታደርሱታላችሁ፤ በየጠዋቱ አዲስ። ለባንኮኒና ለፍሪጅ እጀታ። ለእጅ አይደለም፣ ከምንም ጋርም አይደባለቅም።)

ያቺ የሦስት ቀን ኪሳራ ግን አንድ ነገር አስተማረችኝ። ባለሱቅ ከበሽታው እኩል የሚፈራው ደንበኛው እንዳይሸሽ ነው። እንዲያውም በሽታው ምናልባት ነው፣ የደንበኛው መሄድ ግን ዛሬ ማታ መሳቢያው ሲቆጠር ይታያል። ሱቅ ሄዶ «ተጠንቀቁ» የሚል ሰው ይህን ካልቆጠረ ጊዜውን ነው የሚያባክነው። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል አባክኛለሁ።

ለምሳሌ «ያለ ማስክ አገልግሎት አንሰጥም» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። አንድ ጎረምሳ መጣ፣ አነበበ፣ ሳቀ፣ ተሻግሮ ከፊት ለፊታችን ካለው ሱቅ ሲጋራውን ገዛ። አጎቴ ወረቀቱን በግማሽ ቀን ቀደደው። «አንዴ የተሻገረ ደንበኛ ኮሮና ሲያልቅም አይመለስም» አለኝ። ደግሞ በሩ ፊት ለፊት በጠመኔ ክብ ክብ አሠመርኩ፤ ሰው ተራርቆ ይቆማል ብዬ። ትልልቆቹ እንዳላዩ ረገጡት። ልጆቹ ግን ወደዱት፣ ሰኞ ማክሰኞ ተጫወቱበት። ከበፊቱ ይበልጥ ሰው ተሰበሰበ ማለት ነው።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ፣ ማስክ ግዴታ ሆነ። ስልክ ስንደውል ሳይቀር ስለ እጅ መታጠብ የሚመክር ድምፅ ይቀድመን ነበር። ሰውም ማስክ ገዛ፤ ግን ፖሊስ ብቅ ሲል ከአገጭ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ፖሊስ ሲያልፍ ይወርዳል። አጎቴም እንደዚያው። በተለይ ዋጋ ሲከራከር ያወርደዋል፤ በማስክ ውስጥ ሆኖ መከራከር አይሆንለትም።

አሁን ወደ ጀሪካኑ ልመለስ።

ጀሪካኑን በር ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሳሙና አጠገቡ። ሳሙናው በመጀመሪያው ቀን ተሰረቀ። ሁለተኛውን ቁራ ወሰደው፣ ዓይኔ እያየ። ሦስተኛ ላይ ነቃሁ፦ ኦሞ በውሃ በጥብጬ ሃይላንድ ውስጥ ጨመርኩ፣ ክዳኑን በምስማር ብስት፣ ሃይላንዱን በሲባጎ በሩ ላይ እስር። ይህ ሠራ፤ ኦሞ የተበጠበጠበት ሃይላንድ ማንም አይሰርቅም። ግን የሚታጠብም የለም። እኔ እዚያ ቆሜ «እባክዎ እጅዎን ይታጠቡ፣ እባክህ እጅህን ታጠብ» እላለሁ፤ አንዱ «በቤቴ ታጥቤ ነው የመጣሁት» ይለኛል፣ ሌላው «ቆሻሻ ነህ ነው የምትለኝ?» ይላል። እውነቱን ነው። ሲታሰብ እኮ ትልቅን ሰው በአደባባይ ታጠብ ማለት ስድብ ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እማማ መጡ። ሰባ ያለፋቸው ናቸው፣ ከሰል ሲነኩ ቆይተው ነው የመጡት። እኔ እንደ ልማዴ አፌን ልከፍት ስል አጎቴ በዓይኑ ገሠጸኝና ማንቆርቆሪያ አንስቶ ራሱ ወጣ።

«እማማ፣ ውሃ ላፍስስልዎት?»

እጃቸውን ዘረጉ። አለቀ። ምንም ክርክር የለም። ኦሞውን ጠብ አደረገላቸው፣ እሳቸው እያሹ እሱ ሰላምታውን ያወርዳል፤ እንዴት አደሩ፣ ልጆቹስ፣ ያቺ ከአረብ አገር የመጣችውስ፣ ጉልበትዎስ ተሻለዎት። ከዚያ አፈሰሰላቸው። «እደግ» አሉት፤ የ61 ዓመት ሰውዬ።

እኔ ደንግጬ ቆሜያለሁ። ልዩነቱ ቃል ብቻ አይደለም። ታጠብ ሲባል ሰውየው ቆሻሻ ነው፣ ሲያስታጥቡት ግን እንግዳ ነው። በእኛ ቤት ከማዕድ በፊት ታናሽ ማስታጠቢያ ይዞ ሲመጣ እጁን የማይዘረጋ ማን አለ? የጠገበ እንኳ በይሉኝታ ይዘረጋል። ፈረንጆቹ 20 ሴኮንድ እንዲሞላላችሁ የልደት ዘፈን ሁለቴ ዝፈኑ ይሉ ነበር። እኛ ምን ዘፈን ያስፈልገናል? የእኛ ሰላምታ 20 ሴኮንድ መቼ በቅቶት ያውቃል!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስታጠቡ የእኔ ሥራ ሆነ። በኋላ አንድ የሰፈር ልጅ ተረከበኝ፣ ደመወዙ በቀን ሁለት ማስቲካና አንድ ለስላሳ። በማንቆርቆሪያ ሲፈስ ለአንድ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጀሪካኑ ማንቆርቆሪያውን መሙያ ሆነ። «እጅ» የሚለው ጽሑፌም እንዲያው ቀረ።

የማስኩ ነገር ግን በማስታጠብ አይፈታም። እሱን የፈታው ፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ ነው። ማለቴ ጠላታችን። አጎቴና እሱ በስኳር ዋጋ ተኳርፈው ዓመት አልፏቸው ነበር። የስቅለት ሰሞን ይመስለኛል፣ አጎቴ ተሻግሮ ሄደ። ከታች ያለችው ባለ ሻይ ቤትም ተጠራች። የተነጋገሩት አጭር ነው፦ አንዳችን ብቻ ማስክ ከጠየቅን አንዳችን ብቻ እንከስራለን፣ ሦስታችንም ከጠየቅን ደንበኛው የት ይሄዳል? ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሦስታችንም። የሚከለክል ቃልም አይኖርም። ሳይሸፍን የመጣን ሰው «ጭምብልህን እስክታስተካክል ዕቃህን ላዘጋጅ» እንለዋለን። ጨርሶ ለሌለው ደግሞ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ የሰፋቸው የጨርቅ ማስኮች በእያንዳንዱ ሱቅ ይኖራሉ፤ በዱቤ። ደብተር ላይ «ማስክ 1» ተብሎ ይጻፋል።

ያ ጎረምሳ እንደገና መጣ። አየን፣ ተሻገረ፣ እዚያም ያንኑ ሰማ፣ ወደ ሻይ ቤቷ ወረደ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። የጃኬቱን አንገት ስቦ አፉ ላይ አደረገ። አጎቴ ያንንም ተቀበለው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ እጅና ስለ ማስክ ነው። ግን ብዙ ዘግይቶ የገባኝ ነገር ዋናው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። ዋናው አየሩ ነበር።

ያኔ ይህን በግልጽ የሚነግረን አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ መጋቢት 2012 ላይ ኮቪድ በአየር ወለድ መልክ አይተላለፍም ብሎ ጽፎ ነበር፤ በኋላ ቀስ በቀስ ነው ያረመው። ስለዚህ እኛ ጉልበታችንን ሁሉ ዕቃና ብር ላይ ጨረስን። አጎቴ ብር ያጥብ ነበር። አልቀለድኩም። ማታ ማታ ብሩን በረኪና ባለበት ውሃ ነክሮ ጓዳ ውስጥ ገመድ ላይ ያሰጣል፣ በመቆንጠጫ። መስከረም 2013 ላይ አዲሱ ብር ሲወጣ አሮጌውን ለመቀየር ባንክ ይዞት ሄደ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ጥቅሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ቀና ብላ አየችው፣ እና «አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለችው። ከሞት የተረፉት ብሮች ከሩቅ ይታወቁ ነበር፣ ነጥተዋል። በኋላ፣ 2013 መጋቢት ላይ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የተበከለ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድሉ በጥቅሉ ከ10,000 አንድ በታች ነው አለ። አጎቴን አልነገርኩትም። ያ ሁሉ ገመድ፣ ያ ሁሉ መቆንጠጫ።

ስለ አየሩ ያነቃኝ እጣን ነው።

የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች የኅዳር በሽታን ታሪክ ከወላጆቻቸው ሰምተዋል፤ የ1911ዱን። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው በጭስ የሚታፈነው በዚያ ሰበብ ነው ይባላል። እና ኮሮና ሲመጣ የአጎቴ ሚስት በየጠዋቱ ሱቁን ማጠን ጀመረች። እጣን ቫይረስ አይገድልም፣ ጭሱ ሳንባም አይወድም፣ ይህን እያልኩ ልከራከር ነበር። ግን አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ጭሱን አየሁት። ከበሩ አጠገብ ያለው ወዲያው ይወጣል። ውስጥ፣ ሚዛኑ ጥግ የገባው ግን አይወጣም። ደመና ሠርቶ ይቆያል፤ ቡና ጠጥቼ ስመለስ እንኳ እዚያው ነው። ሚዛኑ ጋ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ደግሞ አጎቴ ነው። 170 ሰው የተነፈሰው ሁሉ የሚጠራቀመው የእሱ ጭንቅላት ዙሪያ መሆኑን በዓይኔ አየሁት።

«ጋሼ፣ ከኋላ ቆርቆሮውን እንክፈተው» አልኩ።

«ነፋስ ሊመታኝ?»

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እኛ ሰዎች ከአንበሳ ይልቅ ነፋስ እንፈራለን። በታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። የማይታወቅ ቫይረስ አንድ ነገር ነው፣ ማጅራት የሚመታ ነፋስ ግን እናቱ ያስጠነቀቀችው ነገር ነው። አራት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው ከጣራው ሥር፣ ከሰው ራስ በላይ፣ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ቀዳዳ እንዲቀደድ፣ ወንፊት ሽቦ እንዲደረግበት ነው። ነፋሱ ከላይ ያልፋል፣ ማጅራት አይነካም። ጋቢም ይደርባል። በማግስቱ የአጎቴ ሚስት ስታጥን ጭሱ ሚዛኑ ጋ ደረሰ፣ ትንሽ ዞረ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ሄደ። ሦስታችንም አንጋጠን ስናየው ላየን ሰው ፀሎት የያዝን እንመስላለን።

ቀጥሎ ባንኮኒውን ገፍተን በሩ ላይ አመጣነው። ደንበኛው ውጭ ቆሞ ይገዛል፣ እንደ ጥንቱ የመስኮት ሱቅ። የመስኮት ሱቅ እኮ ያለ ማንም ምክር ትክክል ነበር፤ ገዢው ደጅ፣ ባለሱቁ ውስጥ። እኛ ነን ዘመናዊ እንሁን ብለን ሰውን ወደ ውስጥ ያስገባነው።

ይህ ማለት ግን ሳጥኖቹም ይወጣሉ ማለት ነው። እና ሳጥን ላይ የሚቀመጡትን ሰዎች ማስነሳት ቫይረስ ከማስነሳት ይከብዳል። አንደኛው ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፣ ሃያ ዓመት በዚያች ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። አጎቴ ሳጥናቸውን አንስቶ ደጅ ዛፉ ሥር ሲያደርገው አንድ ቃል አልተናገሩም። ተነሥተው ሄዱ። ሳምንት ሙሉ አልመጡም፣ ሲጋራቸውን እንኳ በልጅ ያስገዛሉ። አጎቴ ያ ነገር ከልቡ ከነከነው። በስምንተኛው ቀን ሁለት ስኒ ቡና አስይዞኝ ቤታቸው በር ድረስ ሄደን፣ ከደጅ ቆመን፣ «ሳጥንዎ ዝናብ ሊመታው ነው» አላቸው። ይቅርታ ማለቱ ነው። ማታ መጡ። ዛፉ ሥር ሸራ ወጠርንላቸው፤ ሳጥኖቹን አራርቀን አስቀመጥናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ በየአምስት ደቂቃው እያቀረቡ፣ እኛ እያራቅን።

ስለ ሰልፉ ደግሞ፤ የጠመኔ ክቦቼ የከሸፉበትን ነገር ያቃናው የውሃ ቀጂዎች ልማድ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር፣ ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜ የሱቅ ሰው እንዴት እንደሚሆን አትጠይቁኝ። ዘይት፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ሁሉም አሁኑኑ። አጎቴ ወጥቶ «ቦኖ ውሃ ጋ ማን ነው የሚሰለፈው፣ ሰው ነው ጀሪካን?» አለ። ሁሉም ቅርጫቱን፣ ዘንቢሉን፣ አንዱ ድንጋይ ሳይቀር አሰልፎ ራሱ ጥላ ፈልጎ ተበታተነ። የዕቃ ሰልፍ ማንም አያፈርስም፣ ከልጅነታችን የተማርነው ሕግ ነው። እኛም ሌሊቱን ስኳሩን ግማሽ ግማሽ ኪሎ፣ ምስሩን ሩብ ሩብ አድርገን ቋጥረን ስላደርን አንድ ሰው ባንኮኒው ጋ የሚቆመው ብር ቆጥሮ እስኪሰጥ ብቻ ነበር። ዱቤ ያላቸው ደግሞ ሚስኮል ያደርጋሉ፣ ዕቃቸው በልጅ ይላካል።

ቋጠሮ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፌስታል። ባለሱቅ ፌስታል እንዴት እንደሚከፍት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጣቱን ይልሳል፣ ያሸዋል፣ ካልተከፈተ «እፍ» ይልበታል። ከዚያ ዳቦ ይከትበታል። አጎቴ ይህንን 30 ዓመት አድርጎታል፣ ብርም የሚቆጥረው ጣቱን እየላሰ ነው። ምላሱና ጣቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ይመስላሉ። አፉ በማስክ ሲሸፈን ጣቱ ጨርቁ ላይ እየተጋጨ ተመለሰ፣ ቀን ሙሉ። እንደ መቀለጃ ይሆናል ብዬ አንድ ትንሽ ስፖንጅ በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አርጥቤ አጠገቡ አደረግኩለት፣ የባንክ ገንዘብ ተቀባዮች እንደሚያደርጉት። ወደደው። «እኔም ባንክ ሆንኩ» ይላል ለመጣው ሁሉ። እስከ ዛሬ የዘለቀችው እሷ ናት፤ ዛሬም ብትሄዱ ባንኮኒው ላይ ታገኟታላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ተቀይራለች።

ማስክ ግን የለም። ማስታጠቡም ቀርቷል፣ ልጁም አድጎ ራይድ ይነዳል። ባንኮኒው ወደ ውስጥ ተመልሷል፣ ሳጥኖቹም ገብተዋል። ቀዳዳው ግን አልተደፈነም። ክረምት ላይ በጆንያ ይሸፈናል፣ በጋ ይከፈታል።

እና በስልክ ላይ ለአጎቴ የነገርኩት ይህን ነው። ማርበርግ እንደ ኮሮና አይደለም፣ ከታመመ ሰው ደምና ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው የሚተላለፈው። ተንፍሶ አልፎህ የሚሄድ ሰው አያስይዝህም። የታመመ ሰው ካለ ሳትነካው ለጤና ጣቢያ ማሳወቅ ነው፣ ሱቅህ ውስጥ የምታደርገው ብዙ ነገር የለም።

«ታዲያ ጀሪካኑ አይጠቅምም በለኛ።»

«እሱማ ይጠቅማል። እንዲያውም ለኮሮና ከጠቀመው ይልቅ ለእንዲህ ያለው ይበልጥ ይጠቅማል። ለተቅማጡም ለኮሌራውም።»

ትንሽ ዝም አለ። «እኔ እኮ ያኔም ጀሪካኑን ነበር የምወደው» አለ። ስለ ታጠበው ብር አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ እኔም አላነሣሁበትም።

ጀሪካኑን እናቴ ቤት አገኘሁት። ላምባ ጨምራበታለች። በኦሞ አጥቤው፣ በፀሐይ ሦስት ቀን አስቀምጬው፣ አሁንም ይሸታል። ቧንቧውም ያንጠባጥባል። ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ አዲስ ጀሪካንና አዲስ ቧንቧ እገዛለሁ፤ አጎቴ ማርከርም አምጣ ብሎኛል።